የአውራ ጣት ዓምድ

ኦውሉ ላይ፣ በጥር፣ ፀሐይ ለወጉ ብቅ ብላ ስትመለስ፣
ሲርካ ከስክሪኗ ፊት ተቀምጣለች፣ ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ።

ሥራዋ ማየት ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ወላጅ ልጁን ሲያይ፣ ማየት፤
አንዷን ሰከንድ በትኖ፣ በሃያ አምስት ምስል መለየት፤
ማን ቀድሞ ፈገግ አለ? ማን ቀድሞ ዞር አለ?
ጥሪው ከማን ወጣ? መልሱስ የት ዋለ?
ሠንጠረዡ ስስታም አይደለም፤ ለቅንድብ ዓምድ አለው፣
ለከንፈር፣ ለድምፅ፣ ለአንገት፣ አፍሮ ለሚሰበር ዓይን፣ ለሁሉ ቦታ አለው።

የዛሬው ያርኮ ይባላል፣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሾፌር፤
ሌሊቱን አውራ ጎዳና ሲገፋ አድሮ፣ ጠዋት እዚህ ወንበር።
ፊት ለፊቱ ልጁ፣ አራት ወር ከሳምንት፤
ጥርስ የማያውቅ ድድ፣ ለሃጭ ያራሰው ደረት።
ስሟ አይኖ ነው፤ በሀገሯ ቋንቋ «አንዲቱ» ማለት ነው፤
እኔ በፊደሌ ስጽፈው ግን ዓይን ሆኖ አፈጠጠብኝ፤ ተውኩት፣ ምን ላድርገው።

ደንቡ ሦስት ክፍል ነው። መጀመሪያ ጨዋታ፤
ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ የድንጋይ ፊት፤ ቃል የለም፣ ፈገግታ
የለም፣ ንክኪ የለም፤ ልጅቱን እያዩ ዝም።
ከዚያ መታረቅ። ደንብ ነው፤ አይጣመም።

ያርኮ ተጫወተ ማለት ይከብዳል።
«እሺ» አላት። ዝም። ደግሞ «እሺ»። ፊቱ እንደ ክረምት ሐይቅ ረግቷል።
ሲርካ ጻፈች፦ ቅንድብ፣ ዜሮ። ከንፈር፣ ዜሮ። ድምፅ፣ ሁለት።
በጥናቷ እንዲህ ያሉ አባቶች «ሩቆች» ነው ስማቸው፤
እርሳሷ ፊደሎቹን ጀምሮ ነበር፤ አንድ ነገር ያዛት ሳትጨርሳቸው።

የድንጋዩ ደቂቃ መጣ። እዚህ ላይ ሌሎች ሕፃናት
ፈገግታቸውን ይወረውራሉ፣ እንደ መንጠቆ ወደ ውኃ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስት፤
ገመዱ ባዶውን ሲመለስ ገላቸው ይጠማዘዛል፣ ስቅ ይላቸዋል፣
ዓይናቸው ከግድግዳው ላይ መጠጊያ ይፈልጋል።
አይኖ ግን እግሯን ዘረጋች፤ አየሩን ቀዘፈች፤
ከማይናገር ፊት ፊት ለፊት፣ መልስ እንዳገኘ ሰው ሳቀች።

ሲርካ ፊልሙን መለሰች።
መለሰች።
አጎላች።

ከምስሉ ታችኛ ጠርዝ፣ ከሕፃኗ ካልሲ ሥር፣
አንድ አውራ ጣት አለ፤ ናፍጣ የተጋደመበት በጥፍሩ ዳር።
መታ፤ ቆመ፤ መታ፤ መታ፤
ተረከዟን እንደ በር ያንኳኳል፣ ያለ ጫጫታ።
እሷ በእግሯ ትመልሳለች፤ እሱ ተራዋን ይጠብቃል።
ጨዋታው ከመጀመሪያውም እዚያ ነበር፤ ሰው ግን ፊት ላይ ይፈልጋል።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ በድንጋዩ ደቂቃ ልጁን የነካ
ሙከራውን አበላሽቷል፤ ፊልሙ ይጣል፤ አይቆጠር፣ አይለካ።
ስንቱን ጣለች? ስንት ጣት፣ ስንት ጉልበት፣ ስንት የእግር ጫፍ፣
«የተበላሸ» ተብሎ፣ በምድር ቤት፣ አቧራ የዘጋው የካርቶን አፍ?

ደወለችለት።
«እጅህን አንቀሳቅሰሃል፤ ታውቃለህ?» አለችው፣ ሳትቆጣ።
በወዲያኛው ጫፍ ሞተር ብቻ አጉረመረመ፤ ቃሉ ዘግይቶ መጣ።
«እጄን? አላወቅኩም። ፊቴን ዝም አሰኘሁት፣ እንዳላችሁኝ።
ስለ እጅም ነግራችሁኝ ይሆናል፤ ሌሊቱን አልተኛሁኝ።»
ቆየ። ደግሞ ቆየ። «እኛ ጋ፣ ብርዱ ከሠላሳ ሲያልፍ፣ መኪናው ቢቆምም
ሞተሩ አይጠፋም። ጠፍቶ ካደረ፣ ጠዋት አይነሳም።»

ስልኩ ተዘጋ። በመስኮቱ ሥር፣ ከበረዶው መሃል፣
እንደ አገሩ ልማድ ሕፃን በጋሪው ውስጥ፣ ደጅ፣ ተሸፋፍኖ ተኝቷል።
እናቱ፣ ፊቷን ስልኳ ላይ ደፍታ፣ በጫማዋ ጫፍ ጋሪውን ታወዛውዛለች።
ሲርካ ማስመሪያዋን አነሳች።